በባሕር ጠረፍ ላለ ግቢ የሚስማሙ ቢጫ አበቦች፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ከተለያዩ ከተሞች የተላኩ ቢሆኑም የሚጠይቁት ስለ አንድ ዓይነት አበባ ነው፤ መሐሉ ክብ ሆኖ ዙሪያው በቢጫ ጨረር የታጀበ፣ አደይ አበባን የሚመስል፣ ብዙ ውኃ የማይፈልግና የባሕር ነፋስ የሚችል። ሱፍም፣ ኑግም፣ አደይ አበባም የዚሁ ሰፊ ቤተሰብ አባላት ስለሆኑ መልኩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ወራቱንና ዓመታቱን የጻፍነው ጠያቂዎቹ በሚኖሩበት አገር አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ የምንኖረው በሳንዲያጎ፣ ከውቅያኖሱ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። የግቢያችንን ሣር ነቅለን ውኃ ቆጣቢ ነው የተባለውን የካሊፎርኒያ ኤንሲሊያ፣ ቢጫ አበባ የሚያወጣውን ቁጥቋጦ፣ ሦስት ችግኝ በጁን ወር ተከልን። ሙቀቱ እንዳይጎዳቸው ብለን በየምሽቱ ሳናጓድል አጠጣናቸው። ቅጠላቸው ከታች ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ረገፈ፤ በኦገስት ሁለቱ ደረቁ። ጎረቤታችን «የባሕሩ ጨው ነው የገደላቸው» ይላሉ። እውነት ጨው ነው? የቀረውንስ ማዳን ይቻላል?
*(የሁለት ልጆች እናት፣ ሳንዲያጎ)*

መልስ፦ ጎረቤትዎ ጨውን መጠርጠራቸው ከባሕር አጠገብ ለሚኖር ሰው የሚያስነቅፍ አይደለም። ከጻፉልን ምልክት ስነሣ ግን ችግኞቹን የገደላቸው ውኃው ነው። ጨውና የውኃ ብዛት በቅጠል ላይ የሚተዉት ምልክት ይለያያል። ከባሕር የሚነሣው ነፋስ ተሸክሞት የሚመጣው ጨው ቅጠሉ ላይ ሲያርፍ ከቅጠሉ ውስጥ ውኃ ይስባል፤ ስለዚህ ጉዳቱ ከጫፍና ከጠርዝ ይጀምራል፣ ጠርዙ ቡናማ ሆኖ እንደተጠበሰ ይደርቃል፣ መሐሉ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። ከዚህም በላይ ጨው አድልዎ አለው፤ ወደ ባሕሩ የዞረው የተክሉ ጎን ተቃጥሎ የወዲያኛው ጎን ደህና ሆኖ ይገኛል። የእርስዎ ችግኞች ግን ከታች ወደ ላይ፣ በሁሉም ጎናቸው እኩል ቢጫ ሆነዋል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ እንደተጠማ ጠውልጎ ከነበረ ደግሞ ሥሩ በስብሶ ውኃውን መሳብ አቅቶታል ማለት ነው። ሰው ይህን ሲያይ ጥማት መስሎት ውኃ ይጨምራል፤ ውኃው ደግሞ መበስበሱን ያፋጥነዋል።

እንዲህ ዓይነት ስሕተት በእኛ ሰው ላይ በብዛት የሚደርስበት ምክንያት አለው ብዬ አምናለሁ። ያደግንበት አገር ዝናቡን የሚያገኘው በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ አዲስ አበባ በዓመት ከሚዘንብላት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ውኃ ትልቁን ድርሻ የምታገኘው በእነዚህ ወራት ነው፤ ተክሉም የሚፋፋው ያኔ ነው። ሳንዲያጎ ግን በዓመት የሚዘንብላት 250 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን እሱም በአብዛኛው ከኖቬምበር እስከ ማርች ይወርዳል፤ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ከሞላ ጎደል ጠብ አይልም። የካሊፎርኒያ ኤንሲሊያ በዚሁ ጠረፍ ከሳንታ ባርባራ አካባቢ ጀምሮ እስከ ባሃ ካሊፎርኒያ ባለው የባሕር ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ በተፈጥሮ የሚበቅል ተክል በመሆኑ ኑሮውን ያበጀው በዚህ ዝናብ ነው። በዝናቡ ወራት ያድጋል፣ ከፌብሩዋሪ እስከ ጁን ባለው ጊዜ መሐሉ ጥቁር ቡናማ የሆነውን ቢጫ አበባውን ያወጣል፣ ከዚያ በኋላ ቅጠሉን ቀንሶ ወይም ጨርሶ አራግፎ ይተኛል። በኦገስት ቅጠል አልባ ጭራሮ ሆኖ ቢያዩት እንኳ ሞቷል ብለው አይፍረዱበት። ድርቅን መቋቋም የሚባለውም ይኸው እንቅልፉ ነው። ተኝቶ ባለበት ወቅት፣ አፈሩ በሞቀበት ሰዓት፣ በየምሽቱ ውኃ ሲፈስበት ሞቃትና እርጥብ አፈር የሚወዱ ሥር አበስባሽ ተሕዋስያን፣ በተለይም ፋይቶፍቶራ የሚባለው፣ ሥሩን ይወርሩታል። በሌላ አነጋገር ተክሉ የተጎዳው ያለ ወቅቱ በመጣ ክረምት ነው።

የቀረውን ችግኝ በተመለከተ በቅድሚያ በሕይወት መኖሩን ያረጋግጡ። ከግንዱ እግር ላይ አፈሩን በጣትዎ ገለል አድርገው ቅርፊቱን በጥፍርዎ በስሱ ይፋቁት፤ ከሥሩ እርጥብ አረንጓዴ ከታየ ሕያው ነው፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ላይ ወዳሉት ቅርንጫፎች እየሄዱ ይሞክሩ። የግንዱ እግር ጠቁሮ፣ ሲነኩት ለስልሶ፣ ቅርፊቱ በቀላሉ የሚላቀቅ ከሆነ ግን ተስፋ የለውም፤ ነቅለው ይጣሉት፣ ወደ ኮምፖስቱም አይጨምሩት። ሕያው ከሆነ ማጠጣቱን ያቁሙ። አፈሩን እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ድረስ ቆፍረው ደረቅ ሆኖ ካገኙት ብቻ በሦስት ወይም በአራት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ላይ፣ በደንብ ያጠጡት። ማዳበሪያ አይስጡት፤ የታመመ ሥር ማዳበሪያን አይችልም። ቅርንጫፉንም አሁን አይግረዙት፤ የመጀመሪያው ዝናብ ከወረደ በኋላ የትኛው እንደሚያቆጠቁጥና የትኛው እንደደረቀ ራሱ ተክሉ ያሳይዎታል።

በሞቱት ፋንታ ለመትከል እስከ ኖቬምበር ይጠብቁ፤ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ያለው ጊዜ ሁሉ ይሆናል። ከመትከልዎ በፊት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው በውኃ ይሙሉት፣ ውኃው ሲሰርግ ደግመው ይሙሉትና ሰዓት ይመልከቱ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከጠለቀ ቦታው ይሆናል፤ በማግስቱም ውኃ ተኝቶበት ካደረ ግን ሸክላ አፈር ወይም ጠጣር ንጣፍ ከሥር አለና ወይ ቦታ ይለውጡ፣ ወይም አፈሩን ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ደልድለው በላዩ ላይ ይትከሉ። ጉድጓዱን በኮምፖስት መሙላት አያስፈልግም፤ ሥሩ በዚያ ለስላሳ አፈር ውስጥ ተቀምጦ ወደ ዙሪያው መሬት መውጣትን ይሰንፋል። የችግኙ አፈር አናት ከመሬቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጥ እንጂ አይቀበር። በአንድ ጋሎን ፖት ያለው ትንሽ ችግኝ ከትልቁ ይልቅ ቶሎ ሥር ስለሚሰድ በዋጋም በውጤትም ይሻላል። በተከሉበት ቀን ጠጥቶ እስኪጠግብ ያጠጡት፤ ዝናቡ ከተቋረጠ እስከ ስፕሪንግ ድረስ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይድገሙለት። በመጀመሪያው የደረቅ ወቅት በየሦስት ሳምንቱ አንድ ጥልቅ ውኃ ይበቃዋል፤ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በወር አንድ ጊዜ ቢያገኝ ቅጠሉን ይዞ ይቆያል፣ ባያገኝም ይተኛል እንጂ አይሞትም። ተክሉ ወደ ላይም ወደ ጎንም አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ ስለሚሰፋ በመካከላቸው ቦታ ይተዉ።

ከችግኝ መሸጫ ሲገዙ ስሙን አጣርተው ይጠይቁ። ኤንሲሊያ ፋሪኖሳ የተባለው ዘመዱ ቅጠሉ እንደ ብር ነጣ ያለ፣ ከሁሉም ይልቅ ያማረ የሚመስል ነው፤ ነገር ግን የበረሃ ተክል ስለሆነ ከባሕሩ በሚነሣው ጭጋግና እርጥበት አይደሰትም። (ከግንዱ የሚወጣውን ሙጫ የድሮዎቹ የስፔን ሚስዮናውያን በቤተ ክርስቲያናቸው እንደ ዕጣን ያጨሱት ስለነበር በስፓኒሽ ዕጣን ብለው ነው የሚጠሩት፤ ዕጣን ከዛፍ እንደሚለቀም ለሚያውቅ ሰው የሚያስገርም አይደለም።) ለባሕር ዳር የሚሆነው ቅጠሉ አረንጓዴ የሆነው ነው።

ከጨው ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ልጨምር። የግቢዎ ውኃ የሚመጣው በሐምራዊ ቧንቧ ከሆነ ታክሞ ለመስኖ የተመለሰ ውኃ ነው፤ ለአበባ መጠቀሙ የተፈቀደ ቢሆንም ከመጠጥ ውኃ ይልቅ ጨው ይበዛበታል። በጥቂት በጥቂቱ ደጋግሞ ማጠጣት ጨውን ከላይኛው አፈር ላይ ያጠራቅመዋል፤ አልፎ አልፎ ብዙ አድርጎ ማጠጣት ግን ከሥሩ በታች ያወርደዋል። ሣሩን ስለ መንቀል ደግሞ፣ በደቡብ ካሊፎርኒያ ብዙዎቹ የውኃ አገልግሎቶች ሣርን በውኃ ቆጣቢ ተክል ለሚተካ ሰው ገንዘብ ይመልሳሉ፤ አብዛኞቹ ግን ሣሩ ሳይነቀል አስቀድሞ ማመልከትን ይጠይቃሉ። የቀረ ሣር ካለዎት አካፋውን ከማንሣትዎ በፊት ቅጹን ይሙሉ።

ጥያቄ፦ ቤታችን በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዳር ባለችው በአላሚዳ ደሴት ነው። ሙቀት ብዙ የለንም፤ ጭጋግና ነፋስ ግን አይጠፋም፣ አፈሩም ጨዋማ ነው ይሉናል። ርካሽና በየሱቁ የሚገኘው ጋዛኒያ ስለሆነ እሱን ልናነጥፍ አስበናል። ምን ይመክሩናል?
*(ጡረታ የወጡ አባት፣ አላሚዳ)*

መልስ፦ አባታችን፣ ጋዛኒያ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ፣ ጨውንና ድርቅን የሚችል፣ መሬት ላይ ተነጥፎ የሚያብብ ጠንካራ ተክል መሆኑ አይካድም። በእርስዎ ሰፈር ግን ሁለት ነገር ይቃወመዋል። አንደኛው ጠባዩ ነው፤ ጋዛኒያ አበባውን የሚከፍተው ፀሐይ ሲወጣ ብቻ ነው፣ ሲመሽና ሰማዩ ሲጋረድ ይዘጋዋል። ጭጋጉ እስከ እኩለ ቀን በማይገፈፍበት የጁን ወር ጠዋት ላይ ከመስኮትዎ የሚያዩት የተጨበጠ አበባ ይሆናል። ሁለተኛው ከግቢ መውጣቱ ነው፤ በጋዛኒያ ወገን ያለው ጋዛኒያ ሊኒያሪስ በካሊፎርኒያ የወራሪ ተክሎች ምክር ቤት መዝገብ ላይ የሰፈረ ሲሆን፣ ፀጉር ያለው ዘሩ በነፋስ እየተወሰደ በባሕር ዳር ሜዳዎች ላይ ይሰራጫል። ነፋስ በማይጠፋበት ደሴት ላይ ይህን ከሱቅ ገዝቶ ማስገባት ለጎረቤት አይደረግም እላለሁ።

በእሱ ፋንታ የሚመረጠው ግሪንዴሊያ ነው። የጠረፉ ግሪንዴሊያ በባሕረ ሰላጤው ጨዋማ ረግረግ ዳርና በውቅያኖሱ ገደል አፋፍ ላይ በተፈጥሮው የሚበቅል ስለሆነ ለእርስዎ አፈር ባዕድ አይደለም። መሬት ለመሬት የሚሄደው ዓይነቱ ከፍታው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ጎን አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ይዘረጋል፤ ቅጠሉ ወፍራምና ጠንካራ ነው። እምቡጡን ጠጋ ብለው ቢመለከቱት አበባው ከመፈንዳቱ በፊት አናቱ ላይ ነጭ ሙጫ አቁሮ ያገኙታል፤ በጣት ሲነኩት ይጣበቃል፣ ሽታውም የጥድ ሙጫን ያስታውሳል። ከሜይ ጀምሮ እስከ መኸር ድረስ ስለሚያብብ ሌሎቹ ቢጫ አበቦች በተኙበት ጊዜ ንቦችን የሚመግብ እሱ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በየሁለት ሳምንቱ ያጠጡት፤ ከዚያ በኋላ በጭጋጉ አገር ውስጥ የሚጠይቀው ጥቂት ነው።

ከጀርባው ከፍ ያለ ነገር እንዲኖር ከፈለጉ ኤሪዮፊለም ስቴካዲፎሊየም የሚባለውን የዚያው ጠረፍ ቁጥቋጦ ይጠይቁ። የቅጠሉ ጀርባ ነጭ ጸጉር ለብሶ ሲነኩት እንደ ባዘቶ ይለሰልሳል፤ የጨው ጠብታ በቀጥታ ቅጠሉ ላይ እንዳያርፍ የሚከላከለውም ይኸው ጸጉር ነው። አበባው ትናንሽ ሆኖ በዘለላ የሚወጣ ነው። ዝናብ የሌለበት ኃይለኛ የባሕር ነፋስ ባለፈ ማግስት ቅጠሎቹን በንጹሕ ውኃ ማጠብ ለሁሉም ተክል ይጠቅማል፤ ይህንንም ጠዋት ያድርጉት፣ ቅጠሉ ረጥቦ ካደረ የቅጠል በሽታ ሊይዘው ይችላልና።

ጥያቄ፦ በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ በሎንግ ቢች እንኖራለን። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ልጆቼ የግቢያችንን አበባ ይዘው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን እዚህ ያለው ቢጫ አበባ ሁሉ በፋሲካ ሰሞን አብቦ በመስከረም ይደርቃል። ከኢትዮጵያ የአደይ አበባ ዘር ባስመጣ ይበቅልልኛል?
*(አንዲት አንባቢ፣ ሎንግ ቢች)*

መልስ፦ በመጀመሪያ ስለ ዘሩ፤ ወደ አሜሪካ የመትከያ ዘር ማስገባት የሚቻለው ከላኪው አገር የዕፅዋት ጤንነት የምስክር ወረቀት ጋር ነው፤ በሻንጣ ውስጥ በጨርቅ ቋጥሮ ማምጣት ሕግ መተላለፍ ከመሆኑም ሌላ በአውሮፕላን ማረፊያው ቢያዝ ከመወረስ አልፎ ሊያስቀጣ ይችላል። በሱቅ ለወፍ ቀለብ «ናይጀር» እየተባለ የሚሸጠው የኛው ኑግ ከኢትዮጵያና ከህንድ የሚመጣ ቢሆንም፣ ከእሱ ጋር ተቀላቅሎ ሊገባ የሚችለውን የአረም ዘር ለመግደል በሙቀት ታክሞ ስለሚገባ ቢዘሩት እምብዛም አይበቅልም።

ዘሩ በሕጋዊ መንገድ ቢገኝ እንኳ አደይ አበባ ለሎንግ ቢች ግቢ ይሆናል ብዬ አልመክርም። አደይ አበባ ባይደንስ ከሚባለው ወገን የሆነ የደጋ አበባ ነው፤ በክረምቱ ዝናብ አድጎ ዝናቡ ሲያባራ ያብባል። በካሊፎርኒያ ጠረፍ ይህን ወቅት መስጠት ማለት ከጁን እስከ ኦገስት ድረስ ሰው ሠራሽ ክረምት ማዝነብ ነው፤ ያ ደግሞ ውኃ የማይፈልግ አበባ መሆኑ ይቀራል። በ2015 ዓመት የካሊፎርኒያ ከተሞች የውኃ ፍጆታቸውን በ25 በመቶ እንዲቀንሱ በገዢው በጄሪ ብራውን ትእዛዝ የተገደዱበትን ድርቅ የሚያስታውስ ሰው ይህን ለማድረግ እጁ አይታዘዝለትም።

የአደይ አበባን መልክ በመስከረም ለማየት ግን መንገድ አለ። ባይደንስ ፌሩሊፎሊያ የሚባል፣ አገሩ አሪዞናና ሜክሲኮ የሆነ የአደይ አበባ የቅርብ ዘመድ በየችግኝ መሸጫው በስፋት ይሸጣል። ቅጠሉ እንደ እንስላል የተሰነጣጠቀ፣ አበባው ወርቃማ ነው፤ ላላስተዋለ ሰው አደይ አበባ ነው ቢሉት ያምናል። ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፣ በሞቃቱ ወራት ሁሉ ያብባል። ከኤንሲሊያ ይልቅ ውኃ ይወዳል፤ በደረቁ ወራት በየሳምንቱ ወይም በየአሥር ቀኑ ማጠጣት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ግቢውን በሙሉ በእሱ አይሸፍኑት፤ ከበሩ አጠገብ፣ የቤቱ ግድግዳ የባሕሩን ነፋስ በሚያስጥልበት ጎን፣ አንድ ትንሽ መደብ ለእሱ ብቻ ይስጡት። በጁላይ መጨረሻ ላይ አንድ ሦስተኛውን ያህል ከላይ ቢከረክሙትና የደረቁትን አበቦች ቢለቅሙለት አዲስ ቅርንጫፍ አውጥቶ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ሙሉ ሆኖ ይደርሳል።

ልጆቹ ራሳቸው ዘርተው የሚያዩት ነገር ከፈለጉ ሱፍ የሚያክለው የለም። ብዙ ቅርንጫፍና ትንንሽ አበባ የሚያወጣውን ዓይነት መርጠው በጁላይ አጋማሽ ቢዘሩት ለመስቀል ሰሞን ይደርሳል። ቁመቱ ነፋስ እንዳይሰብረው በአጥር ጥግ ይሁን። ከበዓሉ በኋላ ለሚመጡት ወራት ደግሞ ታጄቴስ ሌሞኒ የተባለውን ቁጥቋጦ አስቡበት፤ ከሜክሲኮና ከአሪዞና ተራሮች የመጣ ነው፣ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይደርሳል፣ ቀኑ ማጠር ሲጀምር በኦክቶበርና በኖቬምበር በቢጫ ይሸፈናል፣ አንዴ ሥር ከሰደደ በኋላ ውኃ ብዙ አይጠይቅም። ቅጠሉ ሲነካ የሚሰጠው ሽታ ግን ኃይለኛ ነው፤ የሚወደው ይወደዋል፣ የማይወደው ከመስኮት ሥር እንዳይተክለው።

ኤንሲሊያውን በውኃ ብዛት አስገድዶ በመስከረም እንዲያብብ ማድረግን ግን አይሞክሩ። በጸደይ ያብብ፤ በዓሉ ፋሲካ ነው።

ጥያቄ፦ በእስራኤል፣ በአሽቀሎን እኖራለሁ። ቤቴ በአሸዋ ላይ የተሠራ ነው። በግቢዬ ጥግ ማንም ሳይተክለው ሰው የሚያህል ተክል በቅሏል፤ በመኸር ትንንሽ ቢጫ አበባ ያወጣል፣ ቅጠሉ ይጣበቃል፣ ሽታውም እንደ ካምፎር ነው። ሳላጠጣው ይህን ያህል ካማረ ልተወው ወይስ ልንቀለው? ከነቀልኩትስ በምን ልተካው?
*(አቶ መ.፣ አሽቀሎን)*

መልስ፦ ይንቀሉት። የገለጹት ተክል ሄቴሮቴካ ሰብአክሲላሪስ ነው፤ አገሩ ሰሜን አሜሪካ ሲሆን በእስራኤል የባሕር ዳር ሜዳ ላይ እጅግ ከተስፋፉት መጤ ወራሪ አረሞች አንዱ ነው፤ በአሸዋው ላይ ብቻ የሚገኙትን የአገሩን ዕፅዋት ቦታ ይቀማቸዋል። በአገራችን ማሳውን ሁሉ የወረረው የቅንጨ አረምም የዚሁ የሱፍ ቤተሰብ ልጅ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ሳይጠጣ መፋፋት ሁልጊዜ ምርቃት አይደለም። አበባው ወደ ዘር ሳይለወጥ፣ አሸዋው ትንሽ ሲረጥብ፣ ከነሥሩ ይንቀሉት፤ ሙጫው ቆዳቸውን የሚያሳክካቸው ሰዎች ስላሉ ጓንት ያድርጉ። ዘር ይዞ ከሆነ አናቱን በከረጢት ሸፍነው ይቁረጡት፣ ከረጢቱን አስረው ከቤት ቆሻሻ ጋር ያስወግዱት። በሚቀጥለው ዝናብ ጊዜ ከመሬት ተለጥፈው የሚወጡትን ቡቃያዎች እየተከታተሉ መልቀም ይኖርብዎታል።

በምትኩ በጣም ቀላሉና ወጪ የሌለው የአገሩ ተወላጅ የሆነው ግሌቢዮኒስ ኮሮናሪያ ነው፤ በማርችና በኤፕሪል በየመንገዱ ዳር መስኩን ቢጫ የሚያደርገው እሱ ነው። በኦክቶበር፣ ዝናቡ ከመጀመሩ ትንሽ አስቀድሞ፣ ዘሩን በአሸዋው ላይ በትነው በሬክ በስሱ ያልብሱት፤ ከዚያ በኋላ ሥራውን ዝናቡ ይሠራዋል። በሜይ ይደርቃል፤ ዘሩ እስኪረግፍ ጥቂት ሳምንት ታግሠው ካጨዱት በየዓመቱ በራሱ ይመለሳል። (ይህንኑ አበባ በካሊፎርኒያ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን እንዳይዘሩት አደራ እላለሁ፤ በሳንዲያጎ ባሕር ዳር ሸለቆዎች ውስጥ እሱ ራሱ ወራሪ ሆኖ ተመዝግቧል። በእስራኤል የቤት ልጅ የሆነው በዚያ ያለ ጥሪ የመጣ እንግዳ ነው።)

ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሚሆን ቁጥቋጦ ከፈለጉ ዩሪዮፕስ ፔክቲናተስን ይትከሉ። አገሩ በደቡብ አፍሪካ የዌስተርን ኬፕ ጠረፍ ግዛት ስለሆነ እሱም እንደ አሽቀሎን በብርዱ ወራት የሚዘንብበትን አየር ለምዷል፤ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሜትር ያድጋል፣ በብርዱ ወራትና በጸደይ አብዝቶ ያብባል። ቅጠሉ አመዳማውና አረንጓዴው ዓይነት ሁለቱም ይሸጣሉ፤ ከባሕሩ ፊት ለፊት ለሆነ ቦታ ጸጉራሙ አመዳማው ይሻላል።

አሸዋ ውኃ ስለማይዝ በመጀመሪያው የደረቅ ወቅት ከላይ ለሳንዲያጎዋ እናት ከመከርነው ይልቅ ቶሎ ቶሎ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል፣ በጠብታ መስኖ ያጠጡ። የጠብታ መስኖ በ1960ዎቹ አጋማሽ በሐጸሪም ኪቡትስ (የጋራ እርሻ መንደር) ለገበያ መመረት ከጀመረ ወዲህ በእስራኤል ያልተዘረጋበት ግቢ ጥቂት ስለሆነ አሠራሩን ያውቁታል ብዬ እገምታለሁ፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን አንድ ነገር አለ። ከጠብታው የሚወርደው ውኃ በአፈሩ ውስጥ ክብ እርጥበት ይሠራል፤ ጨው ደግሞ እየተገፋ በክቡ ጠርዝ ላይ ይከማቻል። በኦክቶበር የመጀመሪያው ቀላል ካፊያ ሲወርድ ያንን ጨው አጥቦ መልሶ ወደ ሥሩ ያስገባዋል፤ ተክሉም በዝናቡ ማግስት ጠርዙ ተቃጥሎ ይገኛል። ስለዚህ የዓመቱ የመጀመሪያ ካፊያ ሲጀምር መስኖውን መዝጋት ሳይሆን መክፈት ነው የሚገባው፤ ዝናቡ አይሎ ጨውን ወደ ጥልቁ እስኪያወርደው ድረስ ክፍት ይሁን።

ጥያቄ፦ አራት ዓመት የሆነው ኤንሲሊያዬ ከታች እንጨት ብቻ ሆኗል፤ አበባው ጫፉ ላይ ብቻ ነው። መቼና እስከ የት ልቁረጠው?
*(ከቬንቱራ፣ ካሊፎርኒያ)*

መልስ፦ አበባው ካለቀ በኋላ የደረቁትን የአበባ ዘንጎች ወዲያው አይቁረጡ፤ ጎልድፊንች የሚባሉት ቢጫ ወፎች ዘሩን ይለቅሙታል። ዋናው ቆረጣ የሚደረገው በኦክቶበር ወይም በኖቬምበር፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው። ከግንዱ እግር አጠገብ ትንንሽ አረንጓዴ ቡቃያዎች መኖራቸውን ይመልከቱ፤ ካሉ ሙሉውን ተክል ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርተው፣ ከቡቃያዎቹ በላይ፣ በስለታም መቀስ ይቁረጡት። ቡቃያ ከሌለ በዚህ ዓመት ግማሹን ቅርንጫፍ ብቻ አሳጥረው የቀረውን ለሚቀጥለው ዓመት ያቆዩት፤ በደረቅ እንጨቱ ላይ አንድ ጊዜ ጠልቆ የተቆረጠ ኤንሲሊያ አንዳንዴ አያቆጠቁጥምና። ተክሉ ዕድሜው ረጅም አይደለም፤ ከሥሩ ራሳቸው የበቀሉትን ችግኞች ከወዲሁ አንድ ሁለቱን ቢያስቀሩ ተተኪ ይሆናሉ።